ጀርባ የማይሰጡ መርከቦች

በሦስት ወገን ባሕር፣ በአራተኛው ወገን ደግሞ የራሷ ሕግ የከበባት አንዲት አገር ነበረች። ስሟ ይቆየን፤ ስም ሲጠራ የሚቆጣ አይጠፋም።

የዚያች አገር ቤተ መንግሥት ከባሕሩ ዳር፣ ከገደሉ አናት ላይ የቆመ ነጭ ግምብ ነው። ሕጓም ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር የሚጠባው አንድ ሕግ ነው፦ ለግምቡ ጀርባ አይሰጥም። ከንጉሥ ፊት የሚወጣ ሰው የኋሊት እየሄደ መውጣቱ በሌላውም አገር ያለ ወግ ነው። እነዚህኞቹ ግን ወጉን ከእልፍኝ አውጥተው በአገሩ ሁሉ ላይ አነጠፉት። ገበያ የሚወርድ የኋሊት ይወርዳል። ሙሽራ የኋሊት ትወጣለች፤ ሚዜዎቿም እንቅፋት እንዳይመታት «ቀኝ! ግራ! ድንጋይ!» እያሉ ይመሯታል። ገበሬ ወደ ግምቡ እያረሰ ይመጣና ትልሙ ሲያልቅ በሬዎቹን የኋሊት እየገፋ ይመልሳቸዋል። በሬ የኋሊት መሄድ እንደማይወድ የፈጠረው ያውቃል። እዚያ አገር ግን የሚገረፈው በሬው ነበር።

ጀርባ የሰጠ ሰው ቅጣቱ ይታወቃል። የቤቱ በር በድንጋይ ይደፈንና እሱ በታንኳ ተጭኖ ዳግም ላይመለስ ይሸኛል። ቤቱ ውስጥ ማን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መርከቦቹም የንጉሥ ናቸውና ሕጉ ይይዛቸዋል። የባሕር ጠባቂ ጀልባ ሁሉ አፍንጫውን ወደ ግምቡ፣ ጭራውን ወደ ባሕሩ አድርጎ የኋሊት ነበር የሚወጣው። ጠባቂዎቹ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ግምቡ ላይ ተክለው ይውሉና ሲመለሱ የዕለቱን ወሬ ያስጽፋሉ፦ «ግምቡ በስፍራው ነው። አልተነቃነቀም።» እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት መዝገብ ሦስት ጎተራ ሞልቷል።

አሻግሬ ከነዚህ ጠባቂዎች አንዱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ፣ ጸሎቱን የማያስታጉል፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበት አንድ ልጁን ጥላነሽን ብቻውን አሳደጋት። ታዲያ አባት ሳይናገር የተወውን ሁሉ ልጅ ተናገረችው። ጥላነሽ መረብ ጣይ ናት፤ አሥራ አንድ ጀልባ ዓሣ አጥማጅ በእሷ አፍ ይወጣል፣ በእሷ አፍ ይገባል።

ዓሣው ያለው ከደሴቱ ወዲያ ነው። እዚያ ሲደርሱ ደሴቱ ግምቡን ስለሚጋርደው መረብ ጣዮቹ እፎይ ብለው እንደ ልባቸው ይቀመጣሉ። ችግሩ የባሕር ቀማኞችም ይህንኑ ማወቃቸው ነበር። በጠራራ ፀሐይ ይመጣሉ። ያለፈው ክረምት አራት ጀልባ ከነሰዎቹ እየጎተቱ ወሰዱ። በዚያው ሰዓት ስድስት ጠባቂ ጀልባዎች ባሕሩ ላይ ነበሩ፤ ግምቡን እያዩ።

«አባዬ፣ ዛሬስ ግምቡ ቆሞ ዋለ?» ትለዋለች ጥላነሽ ማታ ማታ እግሩን እያጠበች።

«ተይ አንቺ ልጅ።»

«ልጠይቅ እንጂ! ስታንቀላፉ ሮጦ ቢያመልጥስ?»

«ግድግዳ ጆሮ አለው እያልኩሽ!»

«ጆሮማ አለው። ዓይን ነው ያጣነው።»

አሻግሬ እግሩን ከውኃው ያወጣል። ሌሊት ሲተኛ የሚጸልየው አንድ ነገር ነው፦ «ጌታዬ ሆይ፣ እኔ የማላያትን ልጅ አንተ እያት።»

አንድ ቀን ታዲያ ወሬ መጣ። የባሕር ጠባቂዎቹ አለቃ ሊቀ ባሕር ደርበው፣ ከሩቅ አገር አራት የብረት መርከብ ማስመጣታቸው ተሰማ። ሊቀ ባሕር ደርበው አዲስ ነገር ሲያዩ እንደ ልጅ የሚፈነድቁ፣ የበላይ ሲቆጣ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ የሚሸሸጉ ሰው ነበሩ።

መርከቦቹ የገቡ ቀን አገር ምድሩ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ፤ የኋሊት። ወርዶም ፊቱን ወደ ግምቡ አድርጎ ቆመ። እንዴት ይያቸው? መስተዋት ያላት ሴት ያን ቀን መንደርተኛው ሁሉ ዘመዷ ሆነ። በትከሻው ላይ መስተዋት ደግፎ፣ ተገፋፍቶ፣ «አንዴ! አንዴ ብቻ!» ተባብሎ አየ።

ምን ያላየው አለ! አፍንጫቸው እንደ ሰይፍ የሾለ፣ ደመና የመሰሉ አራት መርከቦች ውኃውን ለሁለት እየሰነጠቁ መጡ። ሞተራቸው ሲያጓራ የሰው ደረት ይንቀጠቀጣል። ከምሰሶው አናት ላይ ሰፌድ የሚያህል ነገር ይሽከረከራል። ራዳር ነው። ዓይን የማይደርስበትን አይቶ፣ ከመስተዋት ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ሴቶች እልል አሉ። አሻግሬም ልቡ ሊወጣ ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን ሊቀ ባሕር ደርበው ዐዋጁን አነበቡ። «ከዛሬ ጀምሮ ባሕሩ በአራት ይከፈላል! አንዱ መርከብ ምሥራቁን፣ አንዱ ምዕራቡን፣ አንዱ መካከሉን፣ አንዱ ደሴቱንና ከደሴቱ ወዲያ ያለውን ይቃኛል! በራዲዮ ይነጋገራሉ! አርባዎቹ አሮጌ የጥበቃ ጀልባዎች በአለቆቻቸው ማዕረግ መሰለፋቸው ቀርቶ እንደ ጉልበታቸው ይመደባሉ! የደሴቱን መርከብ መሪ የሚጨብጠው አሻግሬ ነው!»

አሻግሬ ያን ቀን እየሮጠ ቤቱ ገባ፤ ሰው የኋሊት መሮጥ ከቻለ እሱም መቼም ሩጫ ነው። «ጥላነሽ! ደሴቱን ሰጡኝ! ከእንግዲህ ከአጠገብሽ ነኝ!» ጥላነሽም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ሆኖም በዚያ አገር ከሊቀ ባሕር በላይ ሊቀ ገጽ አሉ። ሊቀ ገጽ ይርጋ የፊት ሹም ናቸው፤ የሰው፣ የከብት፣ የበር፣ የመርከብ ፊት ሁሉ ወደ ግምቡ መዞሩን የሚቆጣጠሩ። በማግስቱ የአሻግሬን መርከብ ሊመረምሩ መጡና ወደ ምሰሶው አንጋጠጡ።

«ይሄ ምን እያደረገ ነው?»

«ይዞራል ጌታዬ» አለ ጓንጉል፣ ራዳሩን እንዲያነብ የተማረው ጎልማሳ። «ዙሪያውን ያያል።»

«ሲዞር ጀርባውን ለማን ይሰጣል?»

ጓንጉል ወደ ግምቡ፣ ከዚያም ወደ ምሰሶው አየ።

«በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?»

«ሃያ አራት ጊዜ፣ ጌታዬ።»

«በደቂቃ ሃያ አራት ጊዜ ድፍረት!» አሉ ሊቀ ገጽ፤ ላብ አጠመቃቸው። «እሰሩት።»

ራዳሩ ታሰረ። በክብር ነው እንጂ በውርደት አይደለም፤ በነጭ የሐር ገመድ ፊቱን ወደ ግምቡ አድርጎ ታሰረ። ከዚያ በኋላ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ሆነ። ጓንጉልም በየሰዓቱ ይጽፋል፦ «አንድ ትልቅ ነገር ታየ። አይንቀሳቀስም።»

መርከቡ ሰባት ሰው ይይዛል። ከሰባቱ አራቱ ከገጽ ቤት ይሁኑ ተባለ። አንዱ ከመርከቡ አፍንጫ ወደ ግምቡ ክር ወጥሮ ይይዛል። ሁለተኛው ክሩ አለመጣመሙን ያያል። ሦስተኛው ሁለተኛው ማየቱን ይጽፋል። አራተኛው ለሦስቱ ውኃ ያቀብላል። መርከቦቹን ያመጣችው የባዕድ አገር አሠልጣኝ ይህን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ተቆጣች።

«ይቺ መርከብ ወደ ፊት ሚዳቋ ናት። የኋሊት ላም ናት!» ብላ ጮኸች።

«ላም ትልቅ ሀብት ነው» አሏት ሊቀ ገጽ። በሳምንቱ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። ሊቀ ባሕር ደርበው ሸኟት፤ «ግድ የለም፣ ቀስ በቀስ ይስተካከላል» እያሉ፣ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነበር።

ንጉሡ መርከቦቹን ከሰገነት የሚያዩበት የሰልፍ ቀን ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ የጥላነሽ ሰዎች ከደሴቱ ወዲያ የሚወጡበት ቀን ነው።

«አንድ ሐሙስ ብትቀሪስ?» አላት አሻግሬ ጠዋት።

«ዓሣው ሰልፍ አይወድም፣ አባዬ። አንተ ደግሞ ከአጠገብሽ ነኝ ብለኸኝ የለ?» ብላ የቀንድ ጥሩምባዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች።

ሰልፉ እንዲህ ነበር። በማዕረግ የሚበልጠው መርከብ ለግምቡ ይቀርባል፤ ስለዚህ ሊቀ ገጽን የጫነው የአሻግሬ መርከብ ከሁሉ ቀድሞ ከግምቡ ሥር ቆመ። ሦስቱ ከኋላው ፊታቸውን ወደ እሱና ወደ ግምቡ አድርገው ተደረደሩ። ንጉሡ ከሰገነቱ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ ባሕር ራዲዮ ይዘው ከጎናቸው ቆመዋል። ሊቀ ገጽ ይርጋ እዚሁ መርከቡ ላይ፣ ከክር ያዡ አጠገብ ናቸው። ነጋሪት ተመታ። መርከቦቹም የኋሊት፣ እንደ ላም፣ ቀስ እያሉ መውጣት ጀመሩ።

ጥሩምባ የተሰማው ያኔ ነው። ከኋላ፣ ከደሴቱ በኩል። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ዳግመኛ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ይህን ጥሩምባ የማያውቅ መረብ ጣይ የለም፤ ድረሱልን ነው። አሻግሬ ደግሞ የማን ትንፋሽ እንደሆነ ያውቃል። 

«ጌታዬ፣ ሰው ይጮኻል» አለ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሊቀ ገጽ ዓይናቸውን ከግምቡ ሳይነቅሉ። «ክሩ ቀጥ ብሏል?»

«ቀጥ ብሏል» አለ አንዱ። «ማለቱ ተጽፏል» አለ ሌላው።

«ልጄ ናት፣ ጌታዬ!»

«እንግዲያው ጸልይላት። ጸሎት ጀርባ የለውም።»

አሻግሬም ጸለየ። ጸሎቱ አጭር ነበር፦ «ጌታዬ ሆይ፣ አንተ በየት በኩል ብታየኝ ፊቴ ነው።» ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው።

ክሩ ተበጠሰ። መርከቧ ጎኗ ላይ ተጋድማ ተነሣች። ውኃ አቀባዩ ከነገንቦው ተንከባለለ። ጓንጉል ምሰሶው ላይ ወጥቶ ያን የሐር ገመድ በጥርሱ በጠሰው። ራዳሩ ዞረ! ጓንጉል ወርዶ ሲያይ፣ ራዳሩ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መስተዋቱ ላይ ባሕር ታየ።

«አያለሁ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል፤ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። «አሻግሬ፣ አያለሁ! አሥራ አንድ ትንንሽ፣ ሦስት ትልልቅ! እየጎተቷቸው ነው! ትንሽ ወደ ግራ!»

አሻግሬ የሞተሩን እጀታ እስከ ጥግ ገፋው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲንፏቀቅ የኖረ ሰው ያን ቀን በረረ። አፍንጫዋ ከውኃ ላይ ተነሣ። አረፋው በግራ በቀኝ እንደ ነጭ ክንፍ ተዘረጋ። ነፋሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ እሱም ሳያውቀው እየሳቀ ነበር።

ራዲዮው ጮኸ። «አሻግሬ! ምን እየሠራህ ነው?» ሊቀ ባሕር ደርበው ናቸው።

«እየጠበቅሁ ነው፣ ጌታዬ!»

 ቀጥሎ ሊቀ ባሕር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፍጥነቷ ስንት ደረሰ?» አሉ።

ከፊቱ ሦስቱ መርከቦች ተደርድረዋል። በመካከላቸው እንደ መርፌ ሾልኮ ሲያልፍ የሁለተኛው መርከብ መሪ ጨባጭ፣ ሽማግሌው ዳኘው፣ በራዲዮ ጮኸ።

«ኧረ ጉድ! እንዲህ ትሮጣለች እንዴ?»

«ትሮጣለች!»

«አንተ ብቻህን ልትደፈን ነው? ቆየኝ፣ መጣሁ!» አለና መሪውን ጠመዘዘ። ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሉ።

ሊቀ ገጽ ይርጋስ? ሊቀ ገጽ መርከቧ ስትዞር እሳቸው አብረው አልዞሩም። እየዳሁ ወደ ጭራዋ ሄደው፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው አንቀው ፊታቸውን ወደ ግምቡ አደረጉ። ጥምጣማቸው በረረ። እንዲያም ሆኖ አልዞሩም።

ቀማኞቹ ያቺን አገር የሚያውቋት በመርከብ ጭራ ነው። ከደሴቱ ማዶ የሾለ አፍንጫ አረፋ እየረጨ ብቅ ሲል ከሌላ መንግሥት የመጣ መሰላቸው። የጎተቱበትን ገመድ ቆርጠው ሸሹ። ዳኘው ከቀማኞቹ መርከቦች አንዷን ተከትሎ ያዘ፤ ያን ዕለት ሽማግሌው እንደ ጥጃ ሲፈነጭ ዋለ ይባላል።

ጥላነሽ ጀልባዋ ላይ መቅዘፊያ ይዛ ቆማ ነበር። ከመቅዘፊያው ጫፍ የአንድ ቀማኛ ቆብ ተንጠልጥሏል።

«አባዬ! በየት በኩል መጣችሁ?»

«በፊት በኩል!»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «በሩን ይደፍኑታል እኮ።»

«ይድፈኑት። እዚያ ውስጥ ማን አለ? አንቺ እዚህ ነሽ።»

ከሰዓት በኋላ አሻግሬ ከንጉሡ ፊት ቆመ። በሩን በድንጋይ የሚደፍኑት ሰዎች ጭቃ አቡክተው ከእልፍኙ ደጅ እየጠበቁ ነው፤ ታንኳውም ተዘጋጅቷል። ጥላነሽ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ንጉሡ ባሕር ላይ ወጥተው የማያውቁ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

«ያየ ይመስክር» አሉ።

የባሕሩ ዳር ሕዝብ ፊቱን ወደ ግምቡ አድርጎ ስለነበር ምንም አላየም። ሊቀ ገጽ ይርጋ ቀረቡ።

«እኔ ግን አፍታም ዓይኔን ከግምቡ አልነቀልኩም፣ ጃንሆይ።»

«ምን አየህ?»

«ግምቡን አየሁ። ከዚያ … ከዚያ አነሰ።»

«ምን አልክ?»

«አነሰ፣ ጃንሆይ። መጀመሪያ የጎጆ ያህል ሆነ። ቀጥሎ የእንቁላል ያህል። ከዚያ የሽምብራ ቆሎ ያህል።» ሊቀ ገጽ እውነተኛ ሰው ነበሩና ያዩትን መደበቅ አልቻሉም። «ደሴቱን ስንዞር ደግሞ …»

«ተናገር።»

«ጠፋ።»

 ሦስት ጎተራ መዝገብ «በስፍራው ነው፣ አልተነቃነቀም» እያለ ንጉሡ ግምባቸው ከባሕሩ ዳርቻ ሁሉ የሚታይ መስሏቸው ነበር የኖሩት። ወደ አሻግሬ ዞሩ።

«አንተስ? ሲጠፋ አየኸው?»

«አላየሁም፣ ጃንሆይ። ልጄን ነበር የማየው። ጥፋተኛ ነኝ፤ ሰው ላድን ብዬ ነው። በሩን ድፈኑት፤ ልጄን ግን አትንኳት።»

ያኔ ጥላነሽ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ወጣች። ጠባቂ ሊይዛት ሲል ንጉሡ በእጃቸው ከለከሉት።

«ጃንሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ክብሩ የግምቡ ነው ወይስ የእርስዎ?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ እርስዎ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ ጀርባውን ለማን ይሰጥ ነበር?»

ሊቀ ገጽ አፋቸውን ከፈቱ። በጣታቸው አየር ላይ ክር እንደ መወጠር ቃጡ። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ከሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ አልነበረም።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። በበሩ ወጡ፤ በደረጃው ወረዱ። ወደ ባሕሩ ሲራመዱ ጀርባቸው ለግምቡ ነበር፤ ሰው ሁሉ አየ። ጭቃ ያቦኩት ሰዎች እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ። ንጉሡ መርከቡ ላይ ወጥተው ወደ አፍንጫዋ ሄዱና ከገመድ ክምር ላይ ተቀመጡ። ወደ እሳቸው የዞረ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዞረ። የገጽ ቤት ሰዎችም፣ ዳኘውም፣ ሊቀ ባሕርም፣ ዳር የቆመው ሕዝብም። ሕጉ አልተሻረም፤ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

አሻግሬ መሪውን ጨበጠ።  የወደቡን አፍ ሲያልፉ ነፋሱ መጣ፤ ንጉሡም ጨው የረጨውን ጢማቸውን በእጃቸው ይዘው ዘወር አሉ።

«እነዚያ ያለፈው ክረምት የተወሰዱት ሰዎች ወዴት በኩል ነው የሄዱት?»

«ወደዚያ ነው፣ ጃንሆይ። ከደሴቱ ወዲያ፣ በጣም ሩቅ ነው።»

«ይቺ መርከብ ከዚህ የበለጠ አትሮጥም?»

«ትሮጣለች ጃንሆይ። ግን ዘውዱን ያውልቁት፤ ነፋሱ አይምርም።»

ንጉሡ ዘውዳቸውን አወለቁ፤ በጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ያዙና ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ።

«በል ንዳ» አሉ።